ድንቢጦቹ ወይስ ከቀፊራ የመጡት ቄቦች?

ጥያቄው ከድሬዳዋ ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ሰላም ዶክተር። የምንኖረው ሳቢያን ነው። እናቴ ግቢ ውስጥ 60 የሚሆኑ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሏት። ቤታቸው ኒም ዛፍ ሥር ነው። ጠዋት መኖ ሲፈስ ድንቢጦች በሽቦው ቀዳዳ እየገቡ አብረው ይለቅማሉ፣ ውሃቸውንም ይጠጣሉ። ዛፉ ላይ ጎጆ ሠርተዋል። ጎረቤታችን ‹የወፍ ጉንፋን የሚያመጡት እነዚህ ናቸው፣ ከጅቡቲ በኩል ነው የሚገቡት› ብለው አስፈራሩን። ሰሞኑን ውሃ ማጠጫው አጠገብ 3 ድንቢጦች ሞተው አገኘን። ወንድሜ ጎጆውን ላቃጥል፣ መኖ ላይ መርዝ ላድርግ ይላል። እማዬ ደግሞ ዛፉ ይቆረጥ አለች። ዶሮዎቹ ደህና ናቸው። ባለፈው ሳምንት ከቀፊራ ገበያ የገዛናቸው 5 ቄቦችም ተላምደዋቸዋል። ሁለት ዳክዬዎችም አሉን። ምን እናድርግ? እንቁላሉንስ እንብላ?»

እህቴ፣ ከመርዙ ልጀምር፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም። ወንድምሽ መርዝ የሚባል ነገር መኖው አጠገብ እንዳያደርስ። ድንቢጧ የምትለቅመውን ዶሮዋም ትለቅመዋለች። በመርዝ የሞተችውን ድንቢጥ ድመት ይበላታል፣ ጭልፊት ያነሳታል። ዶሮዋ ባትሞት እንኳ መርዙ በእንቁላሏ በኩል እናንተው ማዕድ ላይ ሊቀርብ ይችላል። «ግሪሳ ላይ በአውሮፕላን ይረጭ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እሱ ማሽላ ለማዳን መንግሥት ሜዳ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ሰፈር ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

ጎጆ ማቃጠሉም ይቅር። ቆርቆሮ ጣራና ደረቅ ጉዝጓዝ ባለበት ግቢ ከወፍ ጉንፋን ይልቅ እሳቱን እፈራለሁ። ኒሙንም እናትሽ እንዲያቆዩት ለምኚልኝ። ዶሮ አያልበውም። ሙቀት ሲበረታበት አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ መኖ ይቀንሳል፣ እንቁላል መጣል ያቆማል፣ ሲብስም ይሞታል። በግንቦት የድሬ ፀሐይ ያለ ጥላ የቀረ የዶሮ ቤት በአንድ ከሰዓት የሚያደርሰውን ጉዳት ድንቢጥ በዓመት አታደርሰውም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ጥያቄሽ መጨረሻ ላይ እግረ መንገድሽን ጣል ያደረግሻት አለች፤ ከቀፊራ የመጡት 5 ቄቦች። ዶሮ ታመመ ተብሎ የተጠራ ሐኪም ከሚጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «ሰሞኑን ምን አዲስ ነገር ገባ?» የሚል ነው። እመለስበታለሁ። በመጀመሪያ የወፎቹን ጉዳይ እንየው፤ ጎረቤታችሁም ዝም ብለው ከመሬት ተነስተው አይደለም የተናገሩት።

የወፍ ጉንፋን ቫይረስ የተፈጥሮ ቤቱ የውሃ ወፍ ነው። ዳክዬ፣ ዝይ፣ የባሕርና የሐይቅ ዳር ወፎች። ቫይረሱ አንጀታቸው ውስጥ ይራባል፣ ከኩሳቸው ጋር ይወጣል፣ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሌላዋ ዳክዬ መጥታ ያንኑ ውሃ ትጠጣለች። ብዙ ጊዜ ምንም አትታመምም። ስትበላ፣ ስትዋኝ፣ ስትበር ታያታለሽ። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ዳክዬዎች ለስደት በሚሰባሰቡበት ወቅት በወጣቶቹ መንጋ ውስጥ ከመቶው 20ና 30 ሊያዙ ይችላሉ።

ድንቢጥ እዚህ ዑደት ውስጥ ቦታ የላትም። ደረቅ መሬት ላይ ጥሬ እየለቀመች የምትኖር ወፍ ናት። በብዙ አገሮች ተመራማሪዎች ትንንሽ ዘማሪ ወፎችን በመረብ እየያዙ ጉሮሯቸውንና ኩሳቸውን መርምረዋል። ቫይረሱ የሚገኝባቸው በጣም ጥቂት ናቸው። ከመቶ አንድ ሁለት እንኳን የማይሞላበት ጊዜ ብዙ ነው። የተገኘባቸውም በአብዛኛው የሞቀ ወረርሽኝ ካለበት የዶሮ እርባታ ወይም የውሃ ወፍ ከበዛበት አካባቢ ናቸው። ይሄ ነገር ልብ ይባል። ድንቢጥ በሽታው ባለበት ቦታ ትያዛለች። በሽታው በሌለበት ቦታ ይዛ የመጣችበት ማስረጃ ግን እምብዛም ነው።

የአየሩም ነገር አለ። ይህ ቫይረስ ቅዝቃዜና እርጥበት ይወዳል። በ4 ዲግሪ ቅዝቃዜ ኩስ ውስጥ ቢያንስ 35 ቀን ይቆያል። በ37 ዲግሪ ወደ 6 ቀን ይወርዳል። ስለ 37 ዲግሪ ለድሬ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ፀሐይና ድርቀት ሲጨመርበት ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ቆርቆሮ ላይ የደረቀው የድንቢጥ ኩስ ብዙ እንቅልፍ አይንሳሽ። ከውሃ ማጠጫው ሥር፣ በጥላው በኩል፣ ሁልጊዜ የሚረጥበውን መሬት ግን አልወደውም።

ድንቢጥ ፍጹም ንጹሕ ናት ብዬም ቃል አልገባልሽም። በ2004 እ.ኤ.አ. ቻይና ሄናን ግዛት ውስጥ ኤች5ኤን1 የተባለው ገዳይ የወፍ ጉንፋን ዝርያ ከዛፍ ድንቢጦች ላይ ተገኝቷል። በላብራቶሪ ድንቢጦችን ሆን ብለው ያስያዙ ተመራማሪዎችም አብዛኞቹ በ4 እስከ 7 ቀን ውስጥ ሲሞቱ አይተዋል። አብረዋቸው ኬጅ ውስጥ ለነበሩት ጤነኛ ድንቢጦች ግን እምብዛም አላስተላለፉም። ይሄ ለናንተ ጥያቄ ትልቅ ነገር ነው። በአራት ቀን የምትሞት ወፍ ሩቅ አትሄድም። በዚያ ላይ የኛ አገር ድንቢጦች ነዋሪዎች ናቸው። ሳቢያን ተፈልፍለው ሳቢያን ይሞታሉ። ከጅቡቲ ባቡር ተሳፍረው አይመጡም።

ከዘማሪ ወፎች ጎራ የተለየ ጥንቃቄ የምፈልገው ለቁራ ነው። አዎ፣ ቁራ በሳይንሱ አመዳደብ ከድንቢጥ ጋር አንድ ጎራ ውስጥ ነው፤ ድምፁን ለሰማ ሰው ትንሽ ያስቃል። ቁራ ሬሳ ይበላል። ታሞ የሞተ ዶሮ ቆሻሻ ላይ ሲጣል ቀድመው ከሚደርሱት አንዱ እሱ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአውሮፓና በአሜሪካ በዚህ በሽታ ሞተው ከተገኙት ዘማሪ ወፎች መካከል ቁራና ዘመዶቹ ጎልተው የሚታዩት ለዚህ ነው።

አሁን ከሁሉም ይበልጥ ለናንተ ግቢ የሚጠቅመውን ጥናት ልንገርሽ። በ2013 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ ኤች7ኤን9 የተባለ ሌላ ዝርያ ሰው ማሳመም ጀመረ። ቫይረሱ ሻንጋይ ውስጥ በአንዲት ድንቢጥ ላይም ተገኘ። ተመራማሪዎች ትንንሽ የኬጅ ዘማሪ ወፎችን አስይዘው ከድርጭትና ከዶሮ ጋር ፈተኑ። ከወፎቹ ወደ ድርጭት በቀላሉ ተላለፈ። ወደ ዶሮ አልፎ አልፎ ብቻ። መንገዱ ደግሞ አንድ ነበር፤ አብረው የሚጠጡት ውሃ። በአየር አልተላለፈም። ዛፍ ላይ የተቀመጠችው ድንቢጥ፣ ጣራ ላይ የምትጮኸዋ ድንቢጥ፣ እነሱ ጉዳያችን አይደሉም። ጉዳያችን ውሃ ማጠጫው ጠርዝ ላይ ቆማ ምንቃሯን የምትነክረዋ ናት።

እንግዲህ በሽታው በድንቢጥ ካልመጣ በምን ይመጣል? አሁን ዓለምን የሚያስጨንቀው ገዳይ ዝርያ መጀመሪያ የተለየው በ1996 እ.ኤ.አ. በቻይና ጓንግዶንግ፣ በእርባታ ዝይ ላይ ነው። በዓመቱ ሆንግ ኮንግ ውስጥ 18 ሰዎች ያዘና 6ቱን ገደለ። የውሃ ወፎች የሚይዙት ደካማው ዓይነት ብዙ ዶሮ ወደታጨቀበት ቤት ሲገባ ተለውጦ ገዳይ ሊሆን ይችላል። በ2005 እ.ኤ.አ. ግን ገዳዩ ዝርያ ተመልሶ ወደ ዱር ወፎች ገባና ቻይና ቺንግሃይ ሐይቅ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ያዛምቱታል፤ ዳክዬና ዝይ በክንፋቸው፣ ሰው በመኪናው። በ2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወተት ላሞች ላይ ደርሷል። እሱ ሌላ ታሪክ ነው፣ እንለፈው።

የሰውን ድርሻ ለማየት ብራስልስን እንይ። በ2004 እ.ኤ.አ. አንድ መንገደኛ ከታይላንድ ሁለት ንስሮች በእጅ ሻንጣው ደብቆ አውሮፕላን ተሳፈረ። ብራስልስ አየር ማረፊያ ተያዘ። ንስሮቹ ሲመረመሩ ኤች5ኤን1 ተገኘባቸው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ በለይቶ ማቆያ ከነበሩ ከታይዋን የመጡ ወፎች ላይ ቫይረሱ ተገኘ። እነዚህ እንዲያውም ለኬጅ የሚሸጡ ዘማሪ ወፎች ነበሩ። የአውሮፓ ኅብረት የዱር ወፍ ማስገባትን ያገደው ከዚህ በኋላ ነው። ዘማሪ ወፍ አህጉር አቋርጦ ቫይረሱን ካደረሰባቸው ጥርት ያሉ አጋጣሚዎች አንዱ ይህ መሆኑ ይገርመኛል። ወፎቹ አልበረሩም። በሣጥን ተጫኑ።

ጎረቤታችሁ «ጅቡቲ» ያሉት ያንን ጊዜ አስታውሰው ይመስለኛል። 1998 ዓ.ም.ን ድሬ የምታስታውሰው በክረምቱ የደቻቱ ጎርፍ ነው። ከጎርፉ በፊት ግን ሌላ ጭንቀት ነበር። በየካቲት ናይጄሪያ ካዱና ውስጥ ኤች5ኤን1 ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ላይ ታየ። ግብፅና ሱዳን ተከተሉ። በግንቦት ጅቡቲ ውስጥ ጥቂት ዶሮዎችና አንዲት የ2 ዓመት ሕፃን ተይዘው ተገኙ። እኛ አገር ደግሞ በወሬው ብቻ የዶሮ ገበያ ተመታ። ብዙ ቤት ዶሮ ወጥ ቀረ። ስለዚህ የጎረቤታችሁ ፍርሃት መነሻ አለው። የሳቱት ተጓዡን ነው። በጅቡቲና በድሬ መካከል በየቀኑ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ነው፤ ሣጥን፣ ኬጅና የእንቁላል ትሪ ጭኖ።

የዱር ወፍ ስጋት በኛ አካባቢ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ከመስከረም እስከ መጋቢት ከአውሮፓና ከእስያ የሚሰደዱ ወፎች በስምጥ ሸለቆ በኩል ይወርዳሉ። ዳክዬዎቹ ዝዋይና ቆቃን የመሳሰሉ ሐይቆች ላይ ያርፋሉ። ወደኛ ስትመጪ ሐረማያ አለ። ሐይቁ ደርቆ ኳስ ሜዳ እስኪመስል ደርሶ ነበር። በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ ሲይዝ ወፎቹም መመለሳቸው አይቀርም፣ እሰየው ነው። ሐረማያ ወይም አዴሌ ሐይቅ ዳር ዶሮና ዳክዬ ለቆ የሚያረባ ሰው ይህን ጥያቄ ቢጠይቀኝ መልሴ ከዚህ የተለየ ይሆን ነበር። ሳቢያን ላይ ግን የዱር ዳክዬ የሚያርፍበት ውሃ የለም። ደቻቱም ጎርፍ ካልመጣ በቀር አሸዋ ነው።

እንግዲህ ወደ ቄቦቹ። የቀፊራን የዶሮ ተራ ታውቂዋለሽ። ከጉርሱም የመጣው፣ ከቆምቦልቻ የመጣው፣ ከገጠር በእግሩ ተይዞ የመጣው፣ ሁሉም እግሩ ታስሮ አንድ ቦታ ይጋደማል። አንዱ በሌላው ላይ ይኮሳል። አንዱ ያስነጥሳል። ያልተሸጠው ማታ ይመለሳል፣ ነገ ሌላ ገበያ ይወጣል። የባሰው ደግሞ ይሄ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ፈንግል፣ ያ ዶሮ የሚፈጀው ሌላው የቫይረስ በሽታ፣ ገባ የሚል ወሬ ሲሰማ ብዙ ሰው የተረፉትን ቶሎ አውጥቶ ይሸጣል። በሱ ቤት ከኪሳራ ማምለጡ ነው። ገበያ ላይ ርካሽ ሆና ያገኘሻት ቄብ ለምን ረከሰች ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነጋዴውን ለመውቀስ አይደለም፤ ማንም ደሃ ሰው እንዲያ ያደርጋል። ገዢው ግን ማወቅ አለበት።

ወግ ያለው አሠራር አዲስ የገባ ዶሮን ለ3 ሳምንት ለብቻው ማቆየት ነው። በሌላ ቤት፣ በሌላ ውሃ ማጠጫ። መጀመሪያ የቆዩት ይመገባሉ፣ አዲሶቹ መጨረሻ ላይ። እናንተ ጋ ግን ሳምንት ሙሉ አብረው ከርመዋል። አሁን ብትለያቸው ብዙ ትርፍ የለውም። በሽታ ይዘው ከመጡም እስካሁን ሰጥተዋል። ስለዚህ 65ቱንም አንድ መንጋ አድርጋችሁ ቁጠሯቸው። ለሁለት ሳምንት ምንም ዶሮ አይግባ፣ ምንም ዶሮ አይውጣ። አትሽጡ፣ ለዘመድም አትስጡ። ጠዋት ጠዋት እናትሽ መኖ ከማፍሰሳቸው በፊት ቆም ብለው ይዩ፤ ማን ነው ከቆጡ ያልወረደው? ማን ነው ክንፉን ጥሎ ጥግ የያዘው? ታማሚ ዶሮ መኖ ከተበተነ በኋላ በግርግሩ ውስጥ ይደበቃል።

ዳክዬዎቹ ዛሬውኑ ይለዩ። ይሄ ላይ አልደራደርም። ሁለት ዳክዬ የ60 ዶሮ ውሃ ለማቆሸሽ በቂ ናቸው። ዳክዬ ምንም ሳያማት ቫይረሱን ስትጥል ልትሰነብት ትችላለች። ከዶሮዎቹ ራቅ አድርጋችሁ የራሳቸው ማጠጫ ስጧቸው። የሚታጠቡበት ሳፋ ካለ ድንቢጦቹም እዚያ እንደሚጠጡ አትርሺ። ያንን ሳፋ ዶሮዎቹ እንዳያገኙት፣ ማታም ይደፋ።

የዶሮዎቹን ውሃ በተመለከተ ሳፋውን ትታችሁ ወደ ኒፕል ብትሄዱ ከድንቢጦቹ ጋር ያለው ጣጣ ግማሹ ያልቃል። ዶሮዋ በምንቃሯ ስትነካው ብቻ የምትንጠባጠብ ነገር ናት። ጠርዝ የላትም፣ ኩስ አይገባባትም፣ መሬቱም አይረጥብም። አቅም ካልፈቀደ ማጠጫውን ከሽቦው ራቅ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ፣ ጣራ ሥር አስገቡት። በየቀኑ እጠቡት። በሳሙና ፈትጋችሁ፣ በረኪና በተጨመረበት ውሃ አለቅልቃችሁ፣ በንጹሕ ውሃ ድገሙት። በረኪና ቆሻሻ ላይ አይሠራም፤ ሳይፈተግ የተደፋ በረኪና የባከነ ብር ነው።

መኖውን ቀኑን ሙሉ አፍስሶ መተው ድንቢጥ መጋበዝ ነው። መጥናችሁ ጠዋትና ከሰዓት ስጡ። የተረፈውን አንሱ። መኖ በዚህ ዋጋ ለድንቢጥ የሚበተን አይደለም፤ ከበሽታው በፊት ኪሳችሁን የሚጎዳው ይሄ ነው። ሽቦውን በተመለከተ ቀዳዳው ከ2 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ይሁን። ሁሉን መቀየር ውድ ነው። በመኖውና በውሃው በኩል ያለውን ግድግዳ ብቻ ደርቡበት። በጣራውና በግድግዳው መካከል ያለችውን ክፍተትም እዩ፤ ብዙ ጊዜ ዋናው በር እሱ ነው።

ሰው ብዙም የማያስብላት ነገር ደግሞ የእንቁላል ትሪ ናት። እንቁላል ስታስረክቡ ባለሱቁ የወረቀት ትሪ ይመልስላችኋል። ያቺ ትሪ የናንተ ትሁን የማን አይታወቅም። ላባ የተጣበቀባት፣ ኩስ የደረቀባት ትሪ ከስንት እርባታ ዞራ እንደመጣች ማን ያውቃል? የወረቀት ትሪ አይታጠብም። ከቤታችሁ የወጣች ትሪ አትመለስ። በፕላስቲክ ከሆነ በበረኪና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይዋል። ከሌላ ሰው የተገዛ ያገለገለ የመኖ ማዳበሪያም እንዲሁ ነው። ለዶሮ ቤት አንድ ነጠላ ጫማ በሩ ላይ ይቀመጥ። ገበያ የዋለ ጫማ ወደ ውስጥ አይግባ፤ ሊያይ የመጣ ጎረቤትም ከበር ይይ።

የሞቱት 3 ድንቢጦች ግን ምን ነካቸው? ሦስት ድንቢጥ ብቻውን የወፍ ጉንፋን አያስብለኝም። መጀመሪያ ጎረቤት የአይጥ መርዝ አድርጎ እንደሆን ጠይቂ። ወንድምሽንም ጠይቂው፤ ምናልባት ሳይነግራችሁ ጀምሮ ይሆናል። ከጎጆ የወደቁ ያልጠነከሩ ጫጩቶች ከሆኑም ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያም ድንቢጥ ይገድላል። እሱ በውሃና በመኖ ወደ ዶሮም ወደ ሰውም ይሄዳል፤ ከወፍ ጉንፋን ይልቅ ከድንቢጥ በኩል ይመጣል ብዬ የምጠረጥረው እሱን ነው። ቀጥሎ ሌላ ሬሳ ካገኛችሁ በባዶ እጅ አትንኩ። ፌስታል እጅሽ ላይ አድርገሽ አንሺው፣ ፌስታሉን ገልብጠሽ እሰሪው። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ኖራ ወይም አመድ አልብሳችሁ ቅበሩት። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። በጥቂት ቀን ውስጥ ብዙ ወፍ መሞት ከጀመረ ወይም አንድ ሁለት ዶሮ ከተከተለ ግን ቀብራችሁ ዝም አትበሉ፤ ጥሩን።

ቆሻሻ ገንዳ ላይ መጣል ፈጽሞ አይሆንም። ሐረር የግመል ሥጋ ተራ የሄደ ሰው ጭልፊቶቹን አይቷል። ከሰማይ ተወርውረው ከእጅ ላይ ሥጋ ይነጥቃሉ፤ ቱሪስት ፎቶ ያነሳቸዋል። ድሬም ቢሆን የተጣለ ሬሳ መሬት ነክቶ ሩብ ሰዓት አይቆይም። ታሞ የሞተ ዶሮ የሚበላ ጭልፊት፣ ውሻና ድመት በሽታውን ሊወርስ ይችላል። በ2004 እ.ኤ.አ. ታይላንድ ውስጥ አንድ የእንስሳት ማቆያ ለነብሮቹ ጥሬ የዶሮ ሥጋ ሰጥቶ ከ140 በላይ ነብሮች በሞትና በማስወገድ አጥቷል። የናንተ ድመት ከነብር አትበልጥም።

ስለ ፈንግል ካላወራሁ መልሱ ጎዶሎ ይሆናል። ዶሮ በአንድ ሰሞን ሲያልቅ ሰው ሁሉ «በርድ ፍሉ» ይላል። እኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ፈንግል ነው። ሁለቱ በዓይን አይለዩም። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ድንገተኛ ሞት፣ ማፈን፣ የእንቁላል መቋረጥ በሁለቱም አለ። አንገት መጠምዘዝ ሲበዛ ፈንግልን እጠረጥራለሁ። ኩክኒና ፊት አብጦ ሲጠቁር፣ እግር ላይ ደም የቋጠረ መቅላት ሲታይ ሌላኛውን እፈራለሁ። ቁርጡን የሚናገረው ግን ላብራቶሪ ነው፤ ናሙናው ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይሄዳል። ፈንግልን ደግሞ ከዱር ዘማሪዎቹ ይልቅ ርግብ ታመጣዋለች። ግቢያችሁ ርግብ ካለ ከድንቢጡ በፊት እሷን ከመኖው አርቁ።

ፈንግል ክትባት አለው። ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ክትባቱ ከወፍ ጉንፋን አያድንም። ቢሆንም የተከተበ መንጋ ሲሞት «ፈንግል ነው» ብለን ሳንዘናጋ ሌላውን ቶሎ እንድንጠረጥር ያደርገናል። ክትባቱ ሙቀት ይጠላል። በድሬ ቀትር በኪስ ተይዞ የመጣ ብልቃጥ ውሃ ነው። በበረዶ ይምጣ፣ በጠዋት ይሰጥ። ታሟል ብላችሁ ከሱቅ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ ውሃቸው ውስጥ አትበትኑ። ቫይረስ አይገድልም፣ እንቁላሉ ውስጥም ይቀራል። ሎሚና ነጭ ሽንኩርቱ አይጎዳም። እንደማያድን ግን እወቁ።

እንቁላሉን ብሉ። በደንብ ይቀቀል፣ ይጠበስ፤ አስኳሉ ይጠንክር። ከ70 ዲግሪ በላይ የበሰለ ሥጋና እንቁላል ውስጥ ቫይረሱ አይተርፍም። ዶሮ ወጥ እሳት ላይ የሚቆየውን ያህል ቆይቶ የሚተርፍ ቫይረስ የለም። አደጋው ያለው ወጡ ውስጥ አይደለም፤ ከወጡ በፊት ነው። «ሳትሞት እንረድ» ተብሎ የታመመች ዶሮ ስትታረድ፣ በፈላ ውሃ ተነክራ ላባዋ ሲነጭ፣ ሆድ ዕቃዋ ሲወጣ። ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም ላይ ከ900 በላይ ሰዎች በኤች5ኤን1 ተይዘው ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። አብዛኞቹ ከታመመ ወይም ከሞተ የቤት ዶሮ ጋር በቅርብ የተነካኩ ናቸው። ግብፅ ብቻዋን ከ350 በላይ አላት። ከዱር ወፍ በቀጥታ ወደ ሰው ስለመግባቱ የምናውቀው በጣም ጥቂት ነው። ጎልቶ የሚጠቀሰው በ2006 እ.ኤ.አ. አዘርባጃን ውስጥ የሞቱ የዱር ዝይ መሳይ የውሃ ወፎችን ላባ ሲነጩ የታመሙት ሰዎች ናቸው። እዚያም ቢሆን የውሃ ወፍ ነው፣ እዚያም ላባ መንጨት ነው። የታመመች ዶሮ አትረዱ። ልጆችም የሞተ ወፍ ይዘው አይጫወቱ።

ጎጆዎቹን በተመለከተ፣ በቀጥታ በዶሮ ቤቱ ጣራ ላይ የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍ ብቻ ቁረጡ። ጫጩቶቹ በርረው ከወጡ በኋላ ይሁን። የደረቀ ጎጆና ኩስ አቧራው መጥፎ ስለሆነ ውሃ ርጩበት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ሌላው ዛፍ ላይ ያለው ጎጆ ይቀመጥ።

በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ዶሮ ከሞተ፣ ወይም እንቁላሉ በአንድ ጊዜ ከግማሽ በታች ከወረደ፣ ወደ ቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ። ሬሳውን አትጣሉ። ድርብ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ በረዶ ላይ አቆዩት፤ ፍሪጅ ውስጥ ከምግብ ጋር ግን አታስገቡት። አሁን እኔ ከአንቺ የምፈልገው ሁለት መረጃ ነው። 60ዎቹ የፈንግል ክትባት መጨረሻ የወሰዱት መቼ ነው? ቄቦቹን የሸጠው ሰውስ ከየት አካባቢ እንዳመጣቸው ያስታውሳል? እናትሽን ጠይቂና ላኪልኝ።